ኪኒኑ ሲያልቅስ? የአጭር ጊዜ የሕክምናና የግንባታ ሚሽን ምን ትቶ ይሄዳል

በክረምት ወራት ቦሌ አየር ማረፊያ፣ ሻንጣ መቀበያው አጠገብ ቆማችሁ ከሆነ አይታችኋቸው ይሆናል። አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ናቸው። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል። ፊቱ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው ስም፣ ጀርባው ላይ ጥቅስ ታትሟል። ከየሻንጣቸው ጋር በፕላስተር የታሸጉ ካርቶኖች አሉ። ኪኒን፣ ጓንት፣ የንባብ መነጽር፣ የግፊት መለኪያ፣ አንዳንዴም መሰርሰሪያና የቀለም ብሩሽ ይዘዋል። አንድ ሁለቱ ሐኪሞች፣ ሦስት አራቱ ነርሶች ናቸው። የቀሩት የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የኮሌጅ ተማሪ ናቸው። ገሚሱ ሊያክም፣ ገሚሱ ክፍል ሊገነባ መጥቷል። ሁለት ሳምንት ቆይተው ይመለሳሉ።

በአማኞች ዘንድ ይህ «የአጭር ጊዜ ሚሽን» ይባላል። ብዛቱ ቀላል አይደለም። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው የሃይማኖት ሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት ውትናው እ.ኤ.አ. በ2005 የተደረገ ጥናትን ይዘው ያወጡት ግምት አለ። ከአሜሪካ ብቻ በዓመት 1.6 ሚሊዮን ገደማ ምዕመናን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ድሮ ወደ እኛ አገር የሚመጡት ፈረንጆች ብቻ ነበሩ። አሁን ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከዳላስ፣ ከሲያትል የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናትም ቡድን ያደራጃሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ተሸጦ ገንዘብ ይሰበሰባል። እናቶች ሌሊቱን እንጀራ ሲጋግሩ ያድራሉ። አሜሪካ የተወለዱ ልጆች የወላጆቻቸውን አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት በዚህ አጋጣሚ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ከእንዲህ ካለ ቡድን ጋር በአስተርጓሚነት ሄጃለሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ስንደርስ ሰልፉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወጥቶ መንገዱን ይዟል። ሌሊት ተነስተው በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት እናት ተራ ደርሷቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ይመስለኛል። ራስ ምታት አስቸግሯቸዋል። ግፊታቸው ሲለካ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው። ጊዜ ወስዶ መረመራቸው፣ ጨው ቀንሱ አላቸው፣ የአንድ ወር ኪኒን በከረጢት አድርጎ ሰጣቸው። እኔ እየተረጎምኩ ነው። እናትየው ከረጢቱን ተቀብለው ሳሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና «ልጄ፣ ይሄ ሲያልቅስ ወዴት ልምጣ?» አሉኝ። ተረጎምኩለት። ዶክተሩ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው። እነዚህን ጉዞዎች እወዳቸዋለሁ። የሚሄዱትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ የዓመት ፈቃዳቸውን ሰጥተው፣ ከኪሳቸው ከፍለው ነው የሚሄዱት። ግን ጉዞው የሚመዘነው በተጓዡ ድካም ከሆነ የሴትየዋ ጥያቄ መልስ አያገኝም። መመዘን ያለበት ቡድኑ በሄደ ማግስት እዚያ ቦታ በሚቀረው ነገር ነው።

ነገሩ በጥናት ጭምር የታየበት አንድ አገር አለ፤ ሆንዱራስ። እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ማዕከላዊ አሜሪካን መታ። ለቀናት ያላቋረጠ ዝናብ ተራራውን አፈረሰው። በአካባቢው አገሮች ከ10 ሺህ ሰው በላይ ሞተ። ክፉኛ የተጎዳችው ሆንዱራስ ነበረች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች በጎርፍና በናዳ ጠፉ። የሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ልባቸው ተነካ። ቡድን በቡድን ላይ እየሆኑ ቤት ሊሠሩ ሄዱ።

ኩርት ቨር ቢክ የሚባሉ ሰው በዚያን ጊዜ እዚያው ነበሩ። አሜሪካ የሚገኘው የካልቪን ኮሌጅ የሶሲዮሎጂ መምህር ነበሩ። ራሳቸውም አማኝ ናቸው፤ ለረጅም ዓመታት ሆንዱራስ ኖረዋል። ከውጭ ሆኖ ቤተ ክርስቲያንን ለመተቸት የመጣ ሰው አይደሉም። የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር። እንግዶቹ በሠሩት ቤት የገቡ ቤተሰቦችና የሆንዱራስ ሰዎች ራሳቸው በሠሩት ቤት የገቡ ቤተሰቦች ከዓመታት በኋላ በምን ይለያያሉ? ሄደው ጠየቋቸው። ኑሯቸውንም፣ እምነታቸውንም፣ ከጎረቤት ጋር ያላቸውንም ግንኙነት። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ቤት ቤት ነው። ማንም ይሥራው ዝናብ ያስጠልላል።

ልዩነቱ ያለው ወጪው ላይ ነው። አንዱን ቤት ለመሥራት 2 ሺህ ዶላር ገደማ ይበቃ ነበር። አንድ ቡድን ግን ለአውሮፕላን ትኬት፣ ለማደሪያና ለሌላውም ተደምሮ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣል። ሒሳቡን መሥራት አይከብድም። በዚያ ገንዘብ 15 ቤት ይሠራ ነበር። ግንበኛውም፣ አናጢውም፣ ጡብ አቅራቢውም ሥራ ያገኙ ነበር። ያውም ሥራ በጠፋበት፣ እርሻው በጎርፍ በተወሰደበት ዓመት። አንዳንድ ሆንዱራሳውያንም ይህንኑ ተናግረዋል። እንግዶቹን ወደዋቸዋል፣ አብረው በልተዋል። ያም ሆኖ ገንዘቡ ቢላክ ብዙ ቤት ይሠራ ነበር ብለዋል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ መልስ አለ። «ሰው ካልሄደ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» እውነትነት አለው። 30 ሺህ ዶላሩ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ምርጫ የሚጠብቅ ገንዘብ አይደለም። የመጣው ልጃቸው ስለሚሄድ፣ ወንድማቸው ስለሚሄድ ነው። ለማያውቁት ግንበኛ ደመወዝ ያን ያህል የሚያዋጣ ጉባኤ ጥቂት ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ «የሄደው ሰው ይለወጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰጪ ይሆናል» የሚል ነው። ቨር ቢክ ይህንንም አይተዋል። ተጓዦቹ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከጉዞው በኋላ ስጦታችን ጨምሯል፣ ጸሎታችን ጨምሯል ብለዋል። የስጦታ መዝገቡ ሲገለጥ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ይህን ሳነብ አዘንኩ። ሰዎቹ ዋሽተዋል ብዬ አይደለም። ያን ጊዜ የተሰማቸው ስሜት እውነተኛ ነበር። ቤታቸው ሲመለሱ ግን ስሜቱን የሚይዝላቸው ነገር አልነበረም።

ሕክምናው ከግንባታው ይልቅ ውስብስብ ነው። የተሳሳተ ግንብ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። የተሳሳተ መድኃኒት ግን እንዲህ አይታረምም።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ለሁለት ሳምንት ጉብኝት የሚስማማ ሕመም አለ፤ የማይስማማም አለ። የዓይን ሞራ ግርዶሽን እንውሰድ። በኢትዮጵያ በ2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መነሻው እሱ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሠለጠነ እጅ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ይወስዳል። ሰውየው ዛሬ በልጁ እየተመራ ይመጣል። ነገ ፋሻው ሲፈታ የልጁን ፊት ያያል። ክትትል ያስፈልገዋል፤ ግን ለጥቂት ሳምንት ነው፤ በአካባቢው ያለ የዓይን ጤና ባለሙያ ይችለዋል። ለጥርስ መንቀል፣ ለከንፈር መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምናም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። ደህና ተዘጋጅቶ የመጣ ቡድን በዚህ ብዙ ይሠራል።

ግፊትና ስኳር ግን እንደዚያ አይደሉም። የሚጥል በሽታም እንዲሁ። እነዚህ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋሉ። የአንድ ወር ኪኒን የአንድ ወር እፎይታ ብቻ ነው። አንዳንዱን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ጭራሽ ካለመጀመር የሚብስበት ጊዜ አለ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ልጅ በድንገት ቢቋረጥበት ሕመሙ በርትቶ ሊመለስ ይችላል። እሳት አጠገብ ወይም ወንዝ ዳር ከሆነ ምን እንደሚከተል ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ አይታከሙ ማለት ነው? አይደለም። በዚያች ከተማ ከቤተ ክርስቲያኑ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ ጤና ጣቢያ ነበር። መድኃኒቱ ሁልጊዜ ባይሟላም የግፊት ኪኒን የሚሰጥበት ቦታ ነው። ብዙ ወረዳዎች ላይ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የሰፋ ነው። በዓመት አንዴ መዋጮ የከፈለ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ይታከማል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ብናውቅ ኖሮ ለእናትየው ጥያቄ መልስ ይኖረን ነበር። «እማማ፣ ይሄ ወረቀት ይዘው ጤና ጣቢያው ይሂዱ፤ እህት እገሊት ትጠብቅዎታለች» ማለት በቂ ነበር። መድኃኒቱም እዚያው ጤና ጣቢያ ከሚገኘው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሳይቋረጥ ይቀጥል ነበር። ከአሜሪካ ያመጣነው ግን ሌላ ነው። ሲያልቅ የሚተካው የለም።

ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም ማንሳት ተገቢ ነው። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች በየቀበሌው ተሠማርተዋል። ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ ማን ክትባት እንደቀረበት፣ የማን ባል ሳል እንደያዘው ያውቃሉ። የእንግዳ ቡድን በሁለት ሳምንት የማይደርስበትን እነሱ በቃላቸው ይዘውታል። ከእነሱ ጋር ሳይነጋገሩ ጤና አገልግሎት መስጠት ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ስለ መድኃኒት ስጦታ ትንሽ ልቆይ። በሻንጣ የሚገባው ነገር ሁሉ በጎ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ መመሪያ አለው፤ መጀመሪያ በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ኋላ ተሻሻለ። ከሚለው አንዱ ይህ ነው፤ የሚላክ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ይቅረው። ሌላው፤ ተቀባዩ የጠየቀው ይሁን፣ ጽሑፉም የአገሩ ባለሙያ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። መመሪያው የወጣው ከመራራ ልምድ ነው። እዚያው ላይ የተጠቀሰው ምሳሌ የሩቅ አይደለም። ኤርትራ ለነፃነት በምትዋጋበት ዘመን ከተላከው እርዳታ መካከል ሰባት የጭነት መኪና ሙሉ ጊዜው ያለፈበት አስፕሪን ነበር። አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጅቷል። በዚያ ጦርነት መካከል ነዳጅ፣ መኪና፣ የሰው ጉልበት ለዚያ ዋለ። የላኩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ጠይቀው አልላኩም እንጂ።

ዛሬም በኢትዮጵያ መድኃኒት ለማስገባት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣ ሐኪምም ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። አንዳንድ ቡድኖች ይህን እንደ ቢሮክራሲ ጣጣ ያዩታል። «ለበጎ ሥራ መጥተን ለምን ያንገላቱናል» ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ካርቶን ጉምሩክ ላይ ተይዞ ሦስት ቀን ሲያልፍ ያበሳጫል። ግን እስቲ ገልብጠን እንየው። አንድ የኢትዮጵያ ሐኪም ቨርጂኒያ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሰው ላክም ቢል ፖሊስ ነው የሚመጣበት። ድሃ ሰውም የሚያክመው ሰው ማን እንደሆነ ተጣርቶ እንዲታወቅለት ይገባዋል።

ይህ ሲቀር ምን ሊከተል እንደሚችል ኡጋንዳ ታይቷል። ጂንጃ ከተማ ውስጥ አንዲት ወጣት አሜሪካዊት በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚቀበል ማዕከል ከፈተች። የሕክምና ትምህርት አልነበራትም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሕፃናት ወደ ማዕከሉ ገቡ፤ 105ቱ ሞቱ። በ2019 ሁለት እናቶች ከአንድ የኡጋንዳ የሴቶች መብት ድርጅት ጋር ሆነው ከሰሱ። እሷ ሕፃናቱ የመጡት እጅግ ተጎድተው እንደሆነ፣ ሐኪሞችም እንደነበሩ ተናግራ ክሱን አስተባበለች። ጉዳዩ በ2020 ጥፋት ሳይታመን በስምምነት ተዘጋ። እኔ በማንም ላይ የምፈርድ አይደለሁም። ያች ልጅ አገሯን ትታ የሄደችው ልቧ ስለተነካ እንደሆነ አምናለሁ። ግን ሆስፒታል ባለበት ከተማ፣ ያልሠለጠነ ሰው ያን ሁሉ ሕፃን እንዲቀበል ያደረገው ምንድን ነው? «ምንም ከሌለ የተገኘው ይሻላል» የሚል ሐሳብ ይመስለኛል። ቦታው ግን ምንም የሌለበት አልነበረም።

አሁን ወደ ሌላው ገጽ ልምጣ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያመጡት ሕክምና አገራችን ውስጥ ሥር የሰደደበት ታሪክ አለ። ደስ እያለኝ የምጽፈውም ይህን ነው።

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ፈጀው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ ጠርገን የምናጤሰው ያንን እያስታወስን ነው። በዚያ ጊዜ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባሉ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሱዳን ውስጥ ይሠሩ ነበር። ወደ ወለጋ፣ ሳዮ የመጡት የአካባቢው ገዢ ስለጠሯቸው ነው። ሰው እየሞተብን ነው፣ ና ተባሉ፤ መጡ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ቆዩ፤ አዲስ አበባ ጉለሌ ላይም ሆስፒታል አሠሩ። ታሪኩ የሚጀምረው በግብዣ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጅናልድ የመጡት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከአውስትራሊያ፣ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም፣ ለሦስት ዓመት ተብሎ። ጠንካራ አማኞች ነበሩ። ፌስቱላ የያዛቸውን፣ በተራዘመ ምጥ ተጎድተው ሽንት መቆጣጠር ያቃታቸውን ሴቶች ሲያዩ ሦስቱ ዓመት አልበቃቸውም። የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው ያረፉት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በሆስፒታሉ የታከሙት ሴቶች ከ60 ሺህ ይበልጣሉ። ለእኔ ግን ከቁጥሩ የሚበልጥብኝ የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። በልጅነቷ በምጥ ተጎድታ ታካሚ ሆና መጣች። ዳነች፤ እዚያው ቀረች። አልጋ ታነጥፍ ነበር። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት እያየች፣ እየረዳች የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና ተማረች። በኋላ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር አስተማረች። ሐምሊኖች ሥራቸውን ለባለአገሩ እንዲህ ነው ያስተላለፉት።

ገርጂ የሚገኘውን «ኮሪያ ሆስፒታል» የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትክክለኛ ስሙ ምዩንግሱንግ ነው፤ ያሠራው የሴኡል አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ከጀርባው የቃኘው ሻለቃ ውለታ አለ፤ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ሄደው የተዋደቁበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲና ይህ ሆስፒታል በአንድ ላይ ቆሙ። ከዚያ በፊት በአገሩ የነበሩ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከኖርዌይ የሚመጡት መምህራን ለአጭር ጊዜም ይመጡ ነበር፤ አንዳንዱ ለሳምንታት ብቻ። ልዩነቱ ግን የሚመጡት ለተማሪው መሆኑ ነው። ዛሬ ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ራሳቸው መምህራን ሆነዋል።

ሶዶ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አፍሪካውያን ቀዶ ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑ የሚሽን ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ሥልጠናው አምስት ዓመት ይፈጃል። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በዚህ መንገድ የተመረቁት ከ100 በላይ ሆነዋል። እንግዳ ሐኪም ለሁለት ሳምንት ሲመጣ የሚገባው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ነገር ለሠልጣኙ ያሳያል፤ ሠልጣኙ ይሠራል፣ እሱ ይረዳዋል። ያከመው ሰው ማታ ቢደማ የሚደርስለት ሐኪም አለ። ስለዚህ ችግሩ የሁለት ሳምንቱ ማነስ አይመስለኝም። ሁለት ሳምንቱ የሚገባበት ቤት መኖር አለመኖሩ ነው።

ስለ ግንባታው ብዙ አልልም። ክፍል መሥራት ቀላሉ ነው፤ ክፍሉን ዓመት ዓመት ማቆየት ነው የሚከብደው። ጤና ኬላ ቢሠራ ነርሷን ማን ይቀጥራል? የውሃው ፓምፕ ሲበላሽ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ለሆስፒታል መሣሪያም ያው ነው። በድሃ አገሮች ሆስፒታሎች ካለው የሕክምና መሣሪያ 40 በመቶ ገደማ የማይሠራ ሆኖ ተገኝቷል። በየኮሪደሩ ላይ አቧራ የጠጡ ማሽኖችን ያየ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። በእኔ ግምት አሥር የኮሌጅ ተማሪ ድንጋይ ከሚያቀብል፣ የሰፈሩ ግንበኛ በቀን ክፍያው ቢሠራና ተማሪዎቹ ከእሱ ልጆች ጋር ቢቀመጡ ሁለቱም ወገን ይበልጥ ያተርፋል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን አሳሳቢ ሆነ? እርዳታው እየደረቀ ስለሆነ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያግድ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በግንቦት ደግሞ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ አቆሙ፤ ወርሃዊ ደመወዛችን 100 ዶላር አይሞላም ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። በዚህ መካከል በዲያስፖራ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት «እኛስ ምን እናድርግ» እያሉ ነው። መልካም ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ የሚያስቡት ደግሞ ቡድን መላክን ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። አሥራ ሁለት ሰው ከአሜሪካ ቢመጣ፣ ትኬቱ ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር ነው እንበል። ለትኬት ብቻ 18 ሺህ ዶላር ነው። ሥራ አቁመው የነበሩት ሐኪሞች በተናገሩት ደመወዝ ሲሰላ የአንድ ሐኪም ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ደመወዝ ይሆናል። ይህን የምለው ማንም አይሂድ ለማለት አይደለም። አሥራ ሁለቱ ቀርተው አራት ቢሄዱስ? አራቱም እዚያ ያለው ሐኪም የጠየቃቸው ዓይነት ባለሙያ ቢሆኑስ? የቀረው ገንዘብ ለመድኃኒት፣ ለነርሷ ሥልጠና ቢውልስ? ልጆቻችን አገራቸውን ይዩ ካልን ይዩ፤ ግን አያታቸውን ሊጠይቁ፣ ቋንቋ ሊማሩ ይምጡ። ያ በራሱ በቂና የተቀደሰ ምክንያት ነው። የታመመ ሰው ለእነሱ መማሪያ መሆን የለበትም።

ሐበሻ ተጓዦች ከፈረንጁ የሚበልጡበት አንድ ነገር አላቸው፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ስልክ መደወል ይችላሉ። የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ጋ ከስድስት ወር በፊት ደውሎ «ምን ጎደለ?» ማለት አምስት ደቂቃ ነው። ከተመለሱ በኋላም በየወሩ መደወል ይቻላል። «እነዚያ ሰዎች መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ዕድል ብዙ ጊዜ አንጠቀምበትም። ከፈረንጁ የወረስነውን ፕሮግራም፣ ከነቲሸርቱ፣ እንዳለ ይዘን እንሄዳለን።

ወደዚያች ከተማ ልመለስ። አብራን የምትሠራ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ከጤና ጣቢያው በውሰት የመጣች። ማታ ማታ እኛ እራት ስንበላ እሷ ብቻዋን ቁጭ ትላለች። የቀኑን ካርዶች አንድ በአንድ እያነሳች ግፊትና ስኳር የተገኘባቸውን ሰዎች ስም ወደ ራሷ ደብተር ትገለብጣለች። ቀበሌያቸውንም ትጽፋለች። ምን እያደረግሽ ነው ስላት «እናንተ ስትሄዱ እኔ ልፈልጋቸው ነዋ» አለችኝ። የኪኒኑን ከረጢት የሳሙት እናት ስምም እዚያ ደብተር ላይ ነበር።

በኋላ የቡድኑ መሪ ምን እንዲላክላት እንደምትፈልግ እንድጠይቃት ነገረኝ። ብዙ አላሰበችም። ሁለት የግፊት መለኪያ፣ ጠንካራ መዝገብ፣ ለጤና ጣቢያው የሚመጣው የግፊት ኪኒን ሲያልቅ የሚሸፍን ትንሽ ገንዘብ። ከዚያ አፍራ ዝም አለችና ጨመረች፤ ዶክተሩ ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ የስኳር ሕመምተኛ እግር እንዴት እንደሚመረመር ቢያሳያት ደስ ይላት ነበር።

ይህን የጠየቅናት በመጨረሻው ቀን ነው። ሻንጣው መኪና ላይ ተጭኖ አልቋል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀናል።